መጠይቁን ከማባዛትሽ በፊት ስም መጥሪያውን ክፈቺ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የሶሲዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ቀን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ግቢያችን አመሻሽ ላይ የማታ ተማሪዎችን ይቀበላል። አብዛኞቹ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴት ልጆች ናቸው። መስከረም ላይ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ግንቦት ላይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። አማካሪዬ 300 መጠይቅ በትነሽ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተንትኚው ይሉኛል። የክፍል ጓደኞቼ የቡድን ውይይት ይሻልሻል ይላሉ። እኔ ደግሞ ልጆቹን ቁጭ ብዬ ላወራቸው ነው የምፈልገው። ፕሮፖዛል የማስገባበት ጊዜ ደርሷል። እርስዎ የቱን ይመክሩኛል? ርዕሱንስ እንዴት ልጻፈው?»

መልስ

ውድ እህቴ፣

ስለነዚህ ልጆች ለመጻፍ መነሳትሽ ከልብ ደስ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ሲያጸዱ፣ የሰው ልጅ ሲያቅፉ ውለው ማታ ደብተር ይዘው የሚመጡ ናቸው። ሥራሽ በደንብ ቢሠራ የሚጠቅመው ለዲግሪሽ ብቻ አይደለም።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። በመጠይቅም በቡድን ውይይትም አትጀምሪ። በክፍሉ ስም መጥሪያ ጀምሪ። ከዚያ ጥቂት ልጆችን፣ በተለይም ትምህርቱን የተዉትን፣ አንድ በአንድ ፈልገሽ አነጋግሪ። 300 መጠይቁ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም።

«ለምን ያቋርጣሉ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ ጥያቄ አለ። ስንቶቹ ቀሩ? በየትኛው ወር? ቀሩ የተባሉት በእርግጥ ትምህርት ተዉ ወይስ ሌላ ትምህርት ቤት ገቡ? ከመቅረታቸው በፊት በነበሩት ሳምንታት ቤት ውስጥ ምን ተፈጠረ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወረቀት ይመልስልሻል። የቀሩትን ሁለቱን የሚመልሱልሽ ልጆቹ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ዘዴ ስትመርጪ መልሱ ማን ዘንድ እንዳለ ነው የምትፈልጊው። ብዙ ፕሮፖዛል የሚበላሸው ዘዴው ቀድሞ ይመረጥና ጥያቄው ለእሱ እንዲመች ተደርጎ ስለሚቆራረጥ ነው።

ስም መጥሪያው የየቀኑን መገኘትና መቅረት ይዟል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ውሰጂ። እያንዳንዷ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል የተገኘችበትን ሳምንት ጻፊና በወር በወር ደርድሪው። ከገና እና ከፋሲካ በፊት ያሉትን ሳምንታት ለብቻ እዪያቸው። በዓል ሲቃረብ ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ጽዳቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ ድፎው፣ እንግዳው። መቅረቱ እዚያ አካባቢ ከተከማቸ ትልቅ ፍንጭ አገኘሽ ማለት ነው። ለፋሲካ አገሯ ሄዳ ያልተመለሰችም ካለች ያኔ ብቅ ትላለች። በተቃራኒው መቅረቱ በዓመቱ ሙሉ ተበትኖ ካገኘሽው ምናልባት ነገሩ ከአሠሪ መቀየር ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ሳታዪ ልጆቹን ብትጠይቂያቸው ምን እንደምትጠይቂ እንኳ አታውቂም።

መዝገቡን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኚው። አንዲት ልጅ ገርጂ ስትሠራ ቆይታ አየር ጤና ሌላ ቤት ገባች እንበል። ከዚያ ወዲያ ወደ እናንተ ግቢ መምጣት አትችልም። መሸኛ ለመውሰድም ቀን የሚለቃት የለም። የእናንተ መዝገብ «አቋረጠች» ይላል። አየር ጤና ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ በሚቀጥለው መስከረም እንደ አዲስ ይመዘግባታል፤ ያውም ማስረጃ ስለሌላት ምናልባት ከጨረሰችው ክፍል ዝቅ አድርጎ። ትምህርት ሳትጠላ፣ ሳትተው፣ በወረቀት ላይ አቋራጭ ሆነች። የወረዳውም፣ የትምህርት ሚኒስቴርም ዓመታዊ አኃዝ የሚጀምረው ከእንደዚህ ዓይነት መዝገብ ነው። ቁጥሩ የሚለካው ልጆቹ ያደረጉትን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው የጻፈበትን መንገድም ጭምር ነው።

ለዚህ የ12ኛ ክፍል ውጤት ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። አስደንጋጭነቱ እውነት ነው። ነገር ግን በ2014 ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛውሮ ነበር፤ የማለፊያ መስፈርቱም ጠንክሮ 50 በመቶ ሆኗል። ይህን ቁጥር ከቀደሙት ዓመታት ጋር የሚያወዳድር ሰው የተለወጠው የልጆቹ እውቀት ነው ወይስ አለካኩ ብሎ መጠየቅ አለበት። የመቶኛ ቁጥሩ ብቻውን ችግሩ የት ክፍል፣ ከየትኛው ዓመት እንደጀመረም አይነግረንም።

አሁን ወደ 300ው መጠይቅ እንምጣ። አማካሪሽ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፊ ነገር ለማየት ሰፊ ናሙና ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግ ባዘዘው መሠረት ሶሲዮሎጂስቱ ጄምስ ኮልማንና ባልደረቦቹ 600 ሺህ ገደማ ተማሪዎችን አጥንተው በ1966 ውጤቱን አወጡ። በትምህርት ቤቶች መካከል ካለው የቁሳቁስ ልዩነት ይልቅ የተማሪው የቤተሰብ ኑሮ ውጤቱን የበለጠ እንደሚያብራራ አሳዩ። ይህን በ20 ሰው ቃለ መጠይቅ ማንም ሊደርስበት አይችልም ነበር። ግን እነሱ የትምህርት ቤቶች ዝርዝር፣ የመንግሥት ገንዘብ፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ተማሪም ነበራቸው።

የአንቺ ችግር እዚህ ላይ ነው። የምትፈልጊያቸው ልጆች ክፍል ውስጥ የሉም። ግንቦት ላይ 300 መጠይቅ ብትበትኚ የሚሞሉት ያልቀሩት ናቸው። ስለቀሩት ልጆች ምክንያት የሚነግሩሽ ያልቀሩት ሊሆኑ ነው። ቁጥሩን የፈለገ ያህል አሳምረሽ ብትተነትኚው ይህ ቀዳዳ አይደፈንም። ለአማካሪሽ መጀመሪያ ማስረዳት ያለብሽ ይህንኑ ነው፤ የሚረዱሽም ይመስለኛል።

ሁለተኛው፣ ናሙና የምታወጪበት ዝርዝር የለም። መዝገቡ የተማሪዋን ስም፣ ዕድሜና ክፍል ይይዛል እንጂ የሰው ቤት አዳሪ ትሁን፣ ተመላላሽ ትሁን፣ ዘመድ ቤት ያለ ደሞዝ የምትሠራ ትሁን አይነግርሽም። መንግሥት ዘንድም ብትሄጂ የቤት ሠራተኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በቀጥታ ከሚሸፍናቸው ሠራተኞች ውስጥ አይደለችም። ብዙዎቹ የገቡት በደላላና በቃል ስምምነት ነው። ስለዚህ «በዕጣ የተመረጠ ናሙና» ብለሽ ብትጽፊ እውነት አይሆንም።

ሦስተኛው ሣጥኑ ነው። «ያቋረጥሽበት ምክንያት፦ ሀ. የኢኮኖሚ ችግር፣ ለ. የግል ችግር፣ ሐ. የጤና ችግር…» የሚለውን ስንት ጊዜ አይተሻል? ልጅቷ «የግል ችግር» ላይ ምልክት ታደርጋለች። እትዬ እራት ሰዓቱን ስለቀየሩት ይሁን፣ ማታ መንገድ ላይ ሰው ስላስቸገራት ይሁን፣ አገር ቤት እናቷ ታማ ይሁን፣ ሁሉም እዚያች ሣጥን ገብቶ ይጠፋል። ደግሞ በ17 ዓመቷ አራተኛ ክፍል ላለች ልጅ በዩኒቨርሲቲ አማርኛ የተጻፈ ስድስት ገጽ ፎርም መስጠት ተገቢ አይደለም። ሰዓቷንም ይበላል፣ ያሸማቅቃታልም።

ሰፊ መረጃ ከፈለግሽ የተሠራ አለ። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በ20 ቦታዎች ወደ 3 ሺህ ልጆችን በየጥቂት ዓመቱ ተመልሶ እየጎበኘ ቆይቷል። ልጆቹ ቀናቸውን በእንቅልፍ፣ በቤት ሥራ፣ በክፍያ ሥራና በትምህርት እንዴት እንደሚከፋፍሉ ጠይቋል። መረጃው ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። ድሃ አካባቢዎች ላይ ያተኮረ ስለሆነ የአገሪቱ ሙሉ ሥዕል አድርገሽ አትውሰጂው። ግን የጽሑፍሽ መነሻ ምዕራፍ ላይ ይጠቅምሻል። የዚህ ጥናት ጉልበት ወደዚያችው ልጅ ደጋግሞ መመለሱ ነው። አንዴ የሚበተን መጠይቅ ይህን አይሰጥሽም፤ አንቺም በአንድ ዓመት ልታደርጊው አትችይም።

የቡድን ውይይት ቀላል ስለሚመስል ይወደዳል። ስምንት ልጆች ባሉበት ግን ማናቸውም አሠሪዋ ስለምታደርጋት ነገር አፏን ሞልታ አታወራም። የሰማ ያወራል፣ ወሬው በደላላው በኩል ዞሮ እቤት ይደርሳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጀመሪያ ላይ አድርጊው፤ ያውም ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ማታ ተማሪ ኑሮ በጠቅላላው እንዲያወሩ። ምን ዓይነት ቃል እንደሚጠቀሙ፣ የቱ ነገር እንደሚያስቃቸው፣ የቱ ጋ ሲደርሱ ዝም እንደሚሉ ትሰሚያለሽ። ከዚያ በቃ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ረዘም ላድርገው፤ አብዛኛው ሥራሽ እዚያ ነውና። ዊልያም ላቦቭ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ያደረገውን ልንገርሽ። በዚያን ጊዜ የድሃ ጥቁር ልጆች የመናገር አቅም የላቸውም የሚሉ ምሁራን ነበሩ። ማስረጃቸው ልጆቹ በቃለ መጠይቅ ጊዜ አንድ ሁለት ቃል ብቻ መመለሳቸው ነበር። ላቦቭና ቡድኑ አንድ የ8 ዓመት ልጅ አነጋገሩ። ጠያቂው ራሱ ሃርለም ያደገ ጥቁር ሰው ነው። ልጁ ግን ያው አጭር አጭር መልስ ነው የሚሰጠው። በሌላ ቀን ጠያቂው የድንች ቺፕስ ይዞ መጣ። የልጁን የቅርብ ጓደኛ አመጣለት። ወንበሩን ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትልልቅ ሰዎች ፊት የማይወራውንም ነገር ራሱ አነሳ። ያ ዝምተኛ የተባለ ልጅ ከጓደኛው ጋር እየተሻማ ማውራት ጀመረ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ጠያቂውም ያው ሰው ነው። የተለወጠው አቀራረቡ ነበር።

አንቺ ደግሞ «ቲቸር» ነሽ። ስትገቢ የሚነሱልሽ፣ ዓይንሽን የማያዩ ልጆች ናቸው። ቢሮ አስቀምጠሽ፣ ጠረጴዛ ጋርደሽ፣ መቅረጫ ደቅነሽ «ለምን ትቀሪያለሽ?» ብትያት ይቅርታ ትጠይቅሻለች እንጂ አትመልስልሽም። ስለዚህ መዝገቡን በራስሽ ትምህርት ቤት ሥሪ፤ ቃለ መጠይቁን ግን በማያውቁሽ፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ባለ የማታ ትምህርት ቤት አድርጊው። ልጅቷ ጓደኛዋን ይዛ እንድትመጣ ፍቀጂ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚያርፉ አሉ። የእረፍት ቀን የሌላት ካለች ደግሞ ከትምህርት ቤት ወደ አሠሪዋ ቤት የምትሄድበትን መንገድ አብረሻት ተጓዢ። ያቺ 20 ደቂቃ ከቀኗ ውስጥ የራሷ የሆነች ጊዜ ልትሆን ትችላለች። አታቁሚያት፤ ከዘገየች የሚቆጧት እሷን ነው።

አንድ ነገር አደራ። በክፍለ ጊዜ አውጥተሽ እንዳታነጋግሪያት። ትምህርት ለምን እንደሚያጡ እያጠናን ትምህርት አናስቀራቸው።

ጥያቄዎችሽ ተጨባጭ ይሁኑ። «በቀን ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?» የሚለውን ማንም በትክክል አይመልሰውም። «ትናንት ከእንቅልፍሽ ከነቃሽበት ጀምረሽ እስክትተኚ ንገሪኝ» በያት። መጀመሪያ ማን ተነሳ? ቁርስ ማን ሠራ? ደብተሯን መቼ ከፈተች? የት ታስቀምጠዋለች? ትምህርቱን ለተወችዋ ደግሞ «ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል የገባሽበትን ቀን ታስታውሽዋለሽ?» ብለሽ ጀምሪና ከዚያ በፊት ወደነበረው ሳምንት ተመለሺ። «ለምን» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሚ ምክንያቱ ከታሪኩ ውስጥ ይወጣል። ከወላይታ፣ ከሐድያ ወይም ከኦሮሚያ ገጠር መጥታ አማርኛ ገና እየለመደች ያለች ልጅ ካጋጠመችሽ ቋንቋዋን የምትችል ሴት አብራሽ ትሁን።

የቀሩትን የት ታገኚያቸዋለሽ? በጓደኞቻቸው በኩል። አንዷ ወደ ሌላዋ እየመራችሽ የምትሄጂበት ስኖውቦል የሚባለው ዘዴ ነው። ድክመቱን እወቂው፤ ጓደኛ የሌላት፣ ስልክ የተከለከለች ልጅ በዚህ መንገድ አትገኝም። የሷ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላም በር አንኳኪ፤ የማታ መምህራንን፣ የግቢውን ዘበኛ፣ ደላሎችንም። ዓረብ አገር የሄደች ካለች በኢሞ ልታገኚያት ትችያለሽ፤ ከመደወልሽ በፊት ግን ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት ጠይቂያት። የማታ ትምህርቱን ትታ መሄዷ ራሱ የጥናትሽ አካል ነው።

አሠሪዎችንም አነጋግሪ፤ አምስት ስድስት ይበቃል። ያነጋገርሻቸውን ልጆች አሠሪዎች ግን በፍጹም እንዳትነኪ። ሌሎች ፈልጊ።

«ጥቂት ሰው አነጋግረሽ ምን ልትይ ነው?» የሚል ፈታኝ እንደሚመጣ አትጠራጠሪ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፖል ዊሊስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአንድ የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተማ 12 የሠራተኛ ቤተሰብ ወንድ ልጆችን ነው በቅርብ የተከታተለው። ክፍል አብሯቸው ተቀመጠ፣ አወያያቸው፣ ሥራ ከገቡም በኋላ ተከተላቸው። የትምህርት ቤቱ ሰነድ ረባሽ ብሎ የሚያልፋቸው ልጆች ናቸው። እሱ ግን ትምህርትን መናቃቸው የራሱ ሥርዓት እንዳለው፣ መጨረሻ ላይም እነሱኑ ወደ አባቶቻቸው የፋብሪካ ሥራ እንደሚመልሳቸው አሳየ። ሴቶቹንና ታዛዦቹን ልጆች ቸል ብሏል ተብሎ ተተችቷል፤ ትችቱ ልክ ነው። ያም ሆኖ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ያሳየበት መንገድ ዛሬም ይጠቀሳል። አንቺም በፕሮፖዛልሽ ላይ በግልጽ ጻፊው፦ ይህ ጥናት መቅረት እንዴት እንደሚከሰት ያሳያል፤ በከተማው ምን ያህል እንደተስፋፋ ግን አይናገርም።

ስለ ፈቃድ ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ብዙዎቹ ከ18 ዓመት በታች ይሆናሉ። ደንቡ የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠይቃል። ወላጆቿ ገጠር ናቸው፤ ከተማ ውስጥ እንደ አሳዳጊ የምትቆጠረው አሠሪዋ ልትሆን ነው። አሠሪዋን ብትጠይቂ ልጅቷን አጋለጥሻት። ዝም ብለሽ ብታልፊውም ደንብ ጣስሽ። ይህን ችግር እንዳለ ለዩኒቨርሲቲሽ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቢና ከአሠሪ ሌላ የምታምነው አዋቂ፣ ለምሳሌ ከተማ ያለች ዘመድ ወይም ገጠር ያሉት ወላጆች በስልክ፣ ፈቃድ እንዲሰጡ ጠይቂ። ኮሚቴው ሳይወስን አንዲት ልጅም አታነጋግሪ። የልጅቷ የራሷ እሺታ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው፤ በመሃል ልተው ካለች ተያት።

«ሚስጥርሽን ለማንም አልናገርም» ብለሽም ቃል አትግቢ። እየተደበደበች ወይም እየተደፈረች እንደሆነ ብትነግርሽ ምን ልታደርጊ ነው? የት እንደምትወስጃት፣ ለየትኛው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ወይም የፖሊስ ክፍል እንደምትደውዪ ቃለ መጠይቅ ከመጀመርሽ በፊት ስልኩን ይዘሽ ተገኚ። ለልጅቷም አስቀድመሽ ንገሪያት። ጽሑፍሽ ላይ ስሟን ብቻ ሳይሆን ሰፈሯን፣ የአሠሪዋን ሥራ፣ የአሠሪዋን ልጆች ቁጥርም ቀይሪ። እትዬ ቢያነቡት እንኳ የማን ታሪክ እንደሆነ ማወቅ የለባቸውም።

ለአማካሪሽ የመዝገቡን ሠንጠረዥ ይዘሽላቸው ሂጂ። ቁጥር የሚወዱ ከሆነ የሁለት ዓመት የመቅረት አኃዝ በወር በወር ተደርድሮ ሲያዩ ይደሰታሉ፤ ኤስፒኤስኤስም እዚያ ላይ ሥራ ያገኛል። ቁጥርንና ቃለ መጠይቅን ያጣመረ ቅይጥ ዘዴ ነው በያቸው፤ እውነትም ነው። ፖዚቲቪስት (የሚለካውን የሚያስቀድም) ነኝ ወይስ ኢንተርፕረቲቪስት (ሰዎች ለነገሩ የሚሰጡትን ትርጉም የሚያስቀድም) የሚለውን በሁለት አንቀጽ ጻፊውና እለፊው፤ ጊዜሽን አይብላ።

ርዕሱ ደግሞ «የማታ ተማሪዎች የማቋረጥ መንስኤዎችና መፍትሔዎች» ዓይነት እንዳይሆን። በጣም ሰፊ ነው፤ መፍትሔውንም ከጥናቱ በፊት ቃል ይገባል። «በአዲስ አበባ በሁለት የማታ ትምህርት ቤቶች የቤት ሠራተኛ ተማሪዎች ከትምህርት የሚቀሩበት ሂደት» ብትይው ቦታውን፣ ሰዎቹንና ጥያቄውን ይይዝልሻል። የትብብር ደብዳቤውን አሁኑኑ ከዲፓርትመንትሽ አጽፊ። ደብዳቤው ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደርሶ ርዕሰ መምህሩ እጅ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፤ ሰኔ ላይ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ጓደኞቻቸውን የት እንደምታገኚ አይታወቅም።